በአውስትራሊያ ዕፅዋት ልብስ ማቅለም፦ ከድስቱና ከዕውቀቱ ባለቤቶች የተማርኩት

በሜልበርን የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከሥራ በተረፈን ጊዜ ክር እንፈትላለን፣ ነጠላ እንቋጫለን፣ ከአገር ቤት የተላከልንን ሸማ ሻርፕ እያደረግን በቅዳሜ ገበያ እንሸጣለን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ልብስን በቅጠልና በሥር የማቅለም ፍላጎት በመካከላችን በርትቷል። የትኛውን ቅጠል እንደምጠቀም፣ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የሆኑት አቦርጂናል ሴቶች ምን እንዳሳዩኝ፣ የት ሄደው መማር እንደሚችሉ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። በስልክ ስመልስ አንዱን ሳነሣ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ በአንድ ቦታ ልጽፈው ወሰንኩ። እኔ ስጀምር ብዙ ጥሩ ጨርቅ በከንቱ ቀርቷል፤ ከዚያ የከፋው ግን በእጄ የሠራሁት ሥራ የሌላ ሕዝብ ስም ተለጥፎበት በሱቅ ውስጥ ማየቴ ነበር። ሁለቱም በሌላ ሰው ላይ እንዲደርሱ አልፈልግም።

የተማርኩት በፉትስክሬይ፣ በሰፈራችን የማኅበረሰብ ማዕከል በተዘጋጀ አጭር ሥልጠና ነው። ያስተማሩን በዕድሜ የገፉ አቦርጂናል እናት ነበሩ። እዚህ አገር ታላላቅ አቦርጂናል ሴቶችን ወጣቱም ሽማግሌውም አክስቴ እያለ ስለሚጠራቸው እኛም አክስቴ አልናቸው። ድስቱን ከመክፈታቸው በፊት የቆምንበት ምድር የኩሊን ሕዝቦች እንደሆነ ተናገሩ። ቅጠሉን ከማን ግቢ እንደቆረጡትና ማን እንደፈቀደላቸውም ነገሩን። እኔ ያን ጊዜ ይህን የሰማሁት እንደ መግቢያ ንግግር ነበር። ከሥራው ግማሹ ይኸው መሆኑን በኋላ ኑሮው አስተማረኝ።

በድስቱ ውስጥ የነበረው ብርማ መልክና ክብ ቅጠል ያለው የባሕር ዛፍ ዓይነት ነው። አበባ ሻጮች በእቅፍ አበባ መካከል የሚጨምሩት ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ዩካሊፕተስ ሲኒሪያ ይባላል። ነጭ የሱፍ ክር ገብቶ ሲወጣ ደማቅ ብርቱካንማ ሆኖ ወጣ። ምንም ሌላ ነገር አልተጨመረበትም። እኔ ከባሕር ዛፍ ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባውና ከተማዋን የከበባት ይህ ዛፍ የሄደው ከዚሁ ከአውስትራሊያ ነው። እኛ ቤት ቅጠሉ ምጣድ ማሞቂያ፣ ጉንፋን ሲይዝም መታጠኛ ነበር። ቀለም በውስጡ እንዳለ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ያን ቀን እጄ ላይ የነበረውን ክር ደጋግሜ እያየሁ የእናቴን የማገዶ ክምር አስታወስኩ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህን ሥራ መተው አልቻልኩም።

የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ከ700 በላይ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም አይሰጡም። ሲኒሪያ በሱፍ ላይ ከብርቱካንማ እስከ ሸክላ ቀይ ይሄዳል። ግንዱ ጥቁርና በጥልቀት የተሰነጣጠቀው፣ በሜልበርን መንገዶች ዳር በብዛት የሚታየው አይረንባርክ ጠቆር ያለ የዝገት መልክ ይሰጣል። አገር ቤት የበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ በእኔ ድስት ውስጥ ወደ ቢጫና ቡናማ ያደላ፣ ለስላሳ መልክ ነው የሰጠኝ። አንድ ዛፍ እንኳ እንደ ወቅቱና እንደ ውኃው ይለያያል። ስለዚህ ከአዲስ ዛፍ ቅጠል ስታመጡ መጀመሪያ ትንሽ ክር ነክራችሁ እዩ፤ ቅጠሉ ከየትኛው ዛፍ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ በወረቀት ጽፋችሁ ከክሩ ጋር እሰሩት። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ከሌለ የወደዳችሁትን መልክ ዳግመኛ ማግኘት በጣም ይከብዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ መቸኮልን ግን አይወድም። ደረቁን ሱፍ መዝኑ። ለ100 ግራም ሱፍ ከ100 እስከ 200 ግራም ቅጠል ይበቃል። ቅጠሉን አንድ ሰዓት ያህል ቀቅላችሁ አጥልሉት። ሱፉን ለብ ባለ ውኃ አርጥባችሁ አስገቡና እንዳይንተከተክ እየጠበቃችሁ አንድ ሰዓት ያህል በሙቀት አቆዩት። እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ በድስቱ ውስጥ ይደር። ሱፍን ከሙቅ ውኃ አውጥቶ ቀዝቃዛ ውስጥ መክተት አይገባም፤ ተኮማትሮ እንደ ጥቅጥቅ ምንጣፍ ይሆናል፤ ወደ ነበረበትም አይመለስም። የሜልበርን የቧንቧ ውኃ ማዕድን ስለማይበዛበት ለዚህ ሥራ ይስማማል። ውኃው ጨዋማ በሆነበት ከተማ የምትኖሩ የዝናብ ውኃ ብታጠራቅሙ ይሻላል።

የእኛ ሰው በብዛት የሚሰናከለው በጥጥ ላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ የመጣችልኝን ነጠላ ሱፉን በነከርኩበት መንገድ ነከርኳት፤ ግማሽዋ የደበዘዘ፣ ግማሽዋ ጭራሽ ቀለም ያልነካት ሆና ወጣች። ምክንያቱ ጥጥና ሱፍ በተፈጥሯቸው የተለያዩ መሆናቸው ነው። ሱፍና ሐር ከእንስሳት የሚገኙ፣ በፕሮቲን የተሠሩ ስለሆኑ የባሕር ዛፍን ቀለም በቀጥታ ይይዛሉ። ጥጥ ግን የተክል ክር ነው፤ የራሱ ሰምም አለው። ሰሙ ሳይወጣ ቀለም አይገባበትም፤ ቢገባም በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል።

ስለዚህ ጥጥን አስቀድማችሁ በልብስ ማጠቢያ ሶዳ አንድ ሰዓት ቀቅሉት። የሚወጣው ውኃ ቡናማ ሲሆን አትደንግጡ፤ ሰሙ መውጣቱ ነው። ቀጥሎ ታኒን (በቅርፊትና በቅጠል ውስጥ የሚገኝ፣ ቀለም ከክሩ ጋር እንዲያያዝ የሚረዳ ነገር) ባለበት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። እዚህ አገር ለዚህ የሚመረጠው የግራር ቅርፊት ነው። በአዊ ዞን ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት ትውልዱ ከአውስትራሊያ ነው፤ ቅርፊቱ ታኒን የበዛበት ነው። አገር ቤት ላላችሁ ይህን መሞከር ከባድ አይሆንም፤ እንጨቱ ለከሰል ሲቆረጥ ቅርፊቱን መለመን ይበቃል። ከታኒኑ በኋላ ከጨርቁ ክብደት ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆን አሉሚኒየም አሲቴት የተባለ፣ ቀለምን ከክሩ ጋር የሚያያይዝ ጨው በውኃ ሟሙቶ ጨርቁ ይነከርበታል። ቀለም የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ረጅም መንገድ ነው፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ያለፈች ነጠላ ስትታጠብ ቀለሟን አትጥልም።

ብረት መልክን ያጠቁራል። ታኒን ያለበት ጨርቅ ላይ ጥቂት የብረት ሰልፌት ሲጨመር ብርቱካንማው ወደ ጥቁር ቡናማ፣ ቢጫው ወደ ወይራማ ግራጫ ይዞራል። ከጨርቁ ክብደት 2 በመቶ አይለፍ። ብረት ሲበዛ ሱፍን ያደርቀዋል፤ ውሎ አድሮም ይቆራርጠዋል። ለዚህ ሥራ የዋለ ድስት ወደ ማእድ ቤት አይመለስ፤ ማማሰያውም እንዲሁ። የባሕር ዛፍ እንፋሎት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲጠራቀም ያሳልላል፣ ራስም ያሳምማል። እኔ በግቢ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የምሠራው። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በጋ ላይ እሳት ማንደድ ፈጽሞ የተከለከለባቸው ቀናት ይታወጃሉ፤ በእነዚያ ቀናት በእንጨት እሳት ድስት መጣድ በሕግ ያስጠይቃል። አውስትራሊያውያን በሰደድ እሳት ብዙ ሰው ስላጡ ነገሩን በቀላሉ አያዩትም፤ እኛም ማክበር አለብን።

ቅጠል ከየት ይገኛል ለምትሉ፣ ከብሔራዊ ፓርክ አንድም ቅጠል አትቁረጡ፤ ሕግ ይከለክላል። በመንገድ ዳር ያለውም ባለቤት አለው፤ ብዙውን ጊዜ የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ከአውሎ ነፋስ በኋላ የጎረቤት ዛፍ ሲወድቅ በር አንኳኩታችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም። ከሁሉም የሚቀለው አበባ ሻጮችን መለመን ነው። የደረቀና የተጣለ የሲኒሪያ ቅርንጫፍ ሁልጊዜ አላቸው፤ ደረቅ ቅጠልም እንደ እርጥቡ ቀለም ይሰጣል። በዛፍና በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሽበት መሰል ሊከን ግን ተዉት። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህለውን ለማብቀል ዓመታት ይወስድበታል።

ሥራው እየጣመኝ ሲሄድ ስለ አገሪቱ ሰሜን ክፍል ሰማሁ። በዚያ በአርነም ላንድ ያሉ ሴቶች ፓንዳነስ የተባለውን ዘንባባ መሰል ዛፍ ቅጠል ሰንጥቀው፣ በሥር አቅልመው ምንጣፍና ቅርጫት ይሠራሉ። አክስቴን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። "ያ የእኔ አገር አይደለም፤ ስለዚያ የማስተማር መብት የለኝም። ባለቤቶቹን ሄደሽ ጠይቂ" አሉኝ። እንግሊዞች ወደዚህ አህጉር ሲመጡ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር፤ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ምድር፣ ሕግና ዕውቀት አለው። አቦርጂናል የሆነ ሁሉ ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን ያስተምራል ብላችሁ እንዳታስቡ። አክስቴ የሚያውቁትን እንኳ ለማስተማር የማን ምድር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቃሉ።

ባለቤቶቹን ለመጠየቅ የሄድኩት ወደ ዳርዊን ነው። በየዓመቱ በኦገስት ወር የዳርዊን አቦርጂናል የሥነ ጥበብ ትርኢት ይካሄዳል። ከመላው አገሪቱ የሚመጡት የሥነ ጥበብ ማዕከላት በማኅበረሰቦቹ የሚተዳደሩ ናቸው፤ የሽያጩም ገንዘብ ወደ እነርሱ ይመለሳል። ሸማኔዎቹና ቅርጫት ሠሪዎቹ ራሳቸው እዚያ ተቀምጠው ሲሠሩ ማየት ይቻላል፤ መጠየቅም ይቻላል። እኔ ጥያቄዬን ያቀረብኩት እዚያ ነበር። መልሱ በዚያው ቀን አልመጣም። ማዕከሉ ከሴቶቹ ጋር ተነጋግሮ ፈቃድ እስኪሰጠኝ ድረስ ወራት አለፉ፤ ለመምህሮቼ የሚከፈለውም በማዕከሉ በኩል እንዲሆን ተስማማን። ይህን መጠበቅ የማይችል ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

አርነም ላንድ እ.ኤ.አ. በ1931 ለአቦርጂናል ሕዝቦች የተከለለ ምድር ነው፤ በ1976 በወጣው የመሬት መብት ሕግ ደግሞ ባለቤትነቱ ጸና። ስፋቱ 97,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዳ የሚገባው ከሰሜን የመሬት ምክር ቤት ፈቃድ ይዞ ነው። እኔ የሄድኩት ወደ ጉንባላንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚሠራው የኢንጃላክ የሥነ ጥበብ ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። መንገዱ የካካዱን ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ ኬሂልስ ክሮሲንግ በተባለው መሻገሪያ የኢስት አሊጌተርን ወንዝ ይሻገራል። ወንዙ አዞ የበዛበት ነው፤ ከባሕር የሚመጣው ማዕበልም ውኃውን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ የማዕበሉን ሰዓት ሳያውቁ መሻገር አይገባም።

በማለዳ ድጅኖና መጥረቢያ ይዘን ከሴቶቹ ጋር ወደ ጫካ ወጣን። የፓንዳነስ ቅጠል ጠርዙ እሾህ ነው። የሚፈለገው ከመሐል ያለው ለጋ ቅጠል ብቻ ሲሆን ጫፉ በታጠፈ ረጅም እንጨት ስበው ያወርዱታል። ከዚያ በአውራ ጣት ጥፍር እየሰነጠቁ ሁለቱን ገጽ ይለያዩታል። እኔ ሸማኔ ሲሠራ እያየሁ ስላደግሁ እጄ ይህን ሥራ የሚያውቅ መስሎኝ ነበር፤ ጣቴ ደምቶ ነው የዋለው። ከእኔ ጋር የተቀመጡት እናት ግን ዓይናቸውን ሌላ ቦታ አድርገው እያወሩ ይሰነጥቁ ነበር።

ለቢጫ የሚቆፈረው የአንድ ቁጥቋጦ ሥር ነው። ቁጥቋጦውን ላላወቀው ሰው ከሌላው የሚለየው ምንም ነገር የለም። ሥሩን ተከትለው ወደ ጎን ይቆፍራሉ፤ ከፊሉን ቆርጠው ይወስዳሉ፣ የቀረውን አፈር መልሰው ይሸፍኑታል። ተክሉ አይሞትም፤ በሌላ ዓመት ይመለሱበታል። ቀለሙ ያለው በሥሩ ልጣጭ ላይ ስለሆነ ይፍቁትና ከፓንዳነሱ ጋር በትልቅ ጣሳ ይቀቅሉታል። አመድ ሲጨመርበት ቢጫው በዓይን ፊት ወደ ቀይ ይለወጣል። ለሌላው ቀይ የሚያገለግለው ደግሞ ቀይ አበባ ያለው ተክል፣ ሽንኩርት የሚመስል ሥር ነው። ተክሉ በዝናቡ ወራት ያብባል፤ በደረቁ ወራት ከላይ ያለው ይጠፋል። ያኔ ሥሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ያን ቦታ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የእኛ ሴቶች እንሶስላ ለመቆፈር የሚወጡበትን ቦታ፣ ለየትኛው በዓል እንደሚሰበሰብ፣ ማን እንደሚቆፍር ሳስብ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። አንዲት እንግዳ ከሌላ አገር መጥታ እናቴ ያሳየችኝን የእንሶስላ ቦታ ቆፍራ ብትሸጥ ምን ይሰማኝ ነበር?

ማታ እሳቱ አጠገብ እኚያ እናት የተማርኩትን በምን መንገድ እንደምጠቀምበት ጠየቁኝ። ከእሳቸው ጋር የተስማማነውን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ መጻፉንም ፈቅደውልኛል። ያየሁትን ለሰው መናገር እችላለሁ። ከማን እንደተማርኩ መናገር አለብኝ፤ የሕዝቡን ስም እንጂ የግለሰቧን ስም አልጠራም። በሥር የተቀለመ ነገር አልሸጥም፤ ሥሩንም ሌላ ሰው አላስቆፍርም። የፊት ፎቶግራፍ አላነሣም። አመዱ ከየትኛው ዛፍ እንደሚሆንና ሥሩ ምን ያህል እንደሚገባ ግን አልጽፍም፤ ይህ በፈቃዱ ውስጥ የለም። በዚህ የምትቆጡ ካላችሁ እባካችሁ እዚያው ሄዳችሁ ጠይቁ፤ እኔ ልሰጠው የምችለው ነገር አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የአመዱን ነገር የሰማ ሰው ወዲያው በሱፍና በሐር ላይ ሊሞክረው ይፈልጋል። ፓንዳነስ የተክል ክር ስለሆነ አመድን ይችላል። ሱፍና ሐር ግን በጠንካራ የአመድ ውኃ ውስጥ፣ በተለይ ሲሞቅ፣ ይበላሻሉ። እኔ በአንድ የሱፍ ጥቅልል ላይ አይቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ድርቅ ይላል፣ ሲጎተት ይበጠሳል። የአንዱን ሕዝብ አሠራር ከቁሱ ነጥሎ መውሰድ በቀለም ረገድም አያዋጣም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከሰሜን ከተመለስኩ በኋላ አንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ በባሕር ዛፍ የቀለምኳቸውን የሱፍ ሻርፖች በብዛት አዘዘኝ። ትዕዛዙ ለእኔ ትልቅ ነበር፤ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ለሱፉ አወጣሁ። ባለቤቶቹ ስለ ሥራዬ ታሪክ ጠየቁኝ፤ እኔም ከፉትስክሬይ እስከ ጉንባላንያ ያለውን በደስታ ነገርኳቸው። ዕቃውን ካስረከብኩ በኋላ አንዲት አቦርጂናል ወዳጄ የሻርፑን ፎቶግራፍ ላከችልኝ። በላዩ የተለጠፈው መለያ ወረቀት የአቦርጂናልን ሥዕል በሚመስል የነጥብ ሥዕል ያጌጠ ሲሆን በአርነም ላንድ ሴቶች ጥንታዊ ጥበብ የተቀለመ ይላል። ወዳጄ የጻፈችልኝ "ይህን ታውቂያለሽ?" የሚል ብቻ ነበር።

ሱፉ የቪክቶሪያ ነው። ቅጠሉ ከሜልበርን አበባ ሻጭ ነው። የቀለምኩት እኔ ነኝ። በዚያ ወረቀት ላይ አንድም እውነት አልነበረም። ወደ ሱቁ ሄጄ ወረቀቱ እንዲነሣ ጠየቅኩ። ከእነርሱ ተምሬያለሁና ውሸት አይደለም፣ ደንበኛም የሚወደው ይህን ነው የሚል መልስ ሰጡኝ። ሻርፖቹን መልሱልኝ ስላቸው ክፍያውን ያዙት። ከወዳጆቼ መካከል ገንዘብሽን ተቀብለሽ ዝም በይ ያሉኝ ነበሩ፤ በክፋት አይደለም፣ የቤት ኪራዬን ስለሚያውቁ ነው። ብዙ ሌሊት አልተኛሁም። በመጨረሻ ወደ ሰሜን ደወልኩና በማዕከሉ በኩል ለእናቲቱ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ወረቀቱ ከእያንዳንዱ ሻርፕ ላይ እንዲነሣና መነሣቱን የሚያሳይ ፎቶግራፍ እንድልክላቸው ብቻ ጠየቁ። ይህ ከቁጣ ይልቅ አበረታኝ።

ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ የተረዳሁት ያኔ ስጠይቅና ሳነብ ነው። የአውስትራሊያ የምርታማነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በአቦርጂናል መልክ ከሚሸጡት የማስታወሻ ዕቃዎች ከግማሽ በላይ የሚሆነው የአቦርጂናል ሰዎች ሥራ አለመሆኑን አሳይቷል። በ2019 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በኢንዶኔዥያ የተሠሩ ዕቃዎችን አቦርጂናል ሰዎች በእጃቸው እንደሠሯቸው አድርጎ የሸጠን አንድ ድርጅት 2.3 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቷል። ከዚያም በፊት፣ በ1998፣ በአርነም ላንድ የሚኖረው የጋናልቢንጉ ሕዝብ አንድ ሠዓሊ ሥራ የታተመበትን ጨርቅ በሸጠ አንድ የጨርቅ ድርጅት ጉዳይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ሠዓሊው አርፈዋል፤ በብዙ ማኅበረሰቦች የሟችን ስም መጥራት ስለማይወደድ ስማቸውን አልጽፍም። ፍርድ ቤቱ በዚያ ጉዳይ ሠዓሊው ሥዕሉን ሲሠሩ ለሕዝባቸው ኃላፊነት እንዳለባቸው ተቀብሏል። ይህን ሳነብ ጨርቅ ላይ ያረፈ ነገር ሁሉ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ የእኛም ጥለትና የእኛም ጥልፍ እንዲሁ ነው።

አርትስ ሎው ሴንተር የተባለው ተቋም ለጥበብ ሰዎች በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሕግ ምክር ይሰጣል። አቅም የለኝም ብላችሁ አትቅሩ፤ ምክር በመጠየቅ ብቻ ብዙ ነገር ይለወጣል። በሕግ ባለሙያ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ ሱቁ ወረቀቱን አነሣ። ሻርፖቹ ተመለሱልኝ። ከገንዘቡ የተወሰነው ግን እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም፤ ትቼዋለሁ። ወረቀት የሌለባቸውን ሻርፖች ፎቶግራፍ አንሥቼ ወደ ጉንባላንያ ላክሁ። በራሴ ገበያ ላይ በራሴ ስም ስሸጣቸው ክረምቱ ሳያልፍ አለቁ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የምሠራው እንዲህ ነው። ከማንኛውም ሱቅ ጋር ስስማማ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ስለ ዕቃው ምንም እንዳይጻፍ በውሉ ውስጥ አስገባለሁ። የራሴ መለያ ወረቀት አለኝ፤ ሱፉ የት እንደተፈተለ፣ የትኛው የባሕር ዛፍ እንደሆነ፣ ማን እንዳቀለመው ይናገራል። ቅጠል ማፍላት ያስተማሩኝን አክስቴንም በፈቃዳቸው አመሰግናለሁ። ስለ ሰሜን አንድም ቃል የለበትም፤ ምክንያቱም በሻርፑ ውስጥ ከሰሜን የመጣ ነገር የለም። ነጥብ በነጥብ የሆኑትን ወይም የመስቀለኛ መስመር ሥዕሎችን በምንም ጨርቅ ላይ አላስቀምጥም። የራሳችን ጥለት ስላለን አያስፈልገኝምም።

የአቦርጂናል ሥራ መግዛት የምትፈልጉ ከሥነ ጥበብ ማዕከላቱ ግዙ፤ የሠሪዋ ስም፣ የሕዝቧና የቦታው ስም በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ሻጩ ማን እንደሠራው መናገር ካልቻለ ተዉት። ያቀለማችሁትን ከመሸጣችሁ በፊት ደግሞ ቁራጭ ጨርቅ ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለሳምንታት አስቀምጡ። የተሸፈነውና የተገለጠው ግማሽ ከተለያዩ ያ ቀለም ለመጋረጃ አይሆንም፤ ለደንበኛችሁ ያንን ንገሩ።

ወደ ጉንባላንያ መሄድ የምታስቡ በደረቁ ወራት፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ አቅዱ። በዝናቡ ወራት መሻገሪያው በውኃ ስለሚሸፈን በመኪና አይገባም። የመግቢያ ፈቃዱን ከመነሣታችሁ ብዙ ሳምንታት በፊት ጠይቁ። በማኅበረሰቡ ውስጥ ሐዘን ካለ ጉዞው ሊሰረዝ ይችላል፤ የአውሮፕላን ቲኬታችሁን የሚቀየር አድርጋችሁ ግዙ። እጃችሁን ከፓንዳነሱ እሾህ የሚከላከል ጓንት፣ ብዙ የመጠጥ ውኃና የማይሳሳ ቦት ጫማ ያዙ። ካሜራችሁን ሆቴል ተዉት፤ የሚፈቀድ ከሆነ እነርሱው ይነግሯችኋል።